የሥዕል ዋጋ ከምን ይነሣል?

እ.ኤ.አ. በ1878 ለንደን ውስጥ ሰዓሊው ጀምስ ዊስለር ሃያሲውን ጆን ረስኪንን በስም ማጥፋት ከሶ ችሎት ቆመ። ረስኪን ያንቋሸሸው 60 በ47 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ጣውላ ላይ የተሣለ የሌሊት ርችት ነበር፤ ዊስለር ለዚህ 200 ጊኒ መጠየቁንም ነውር አድርጎ ጽፎበታል። የረስኪን ጠበቃ «ስንት ቀን ፈጀብህ?» ሲለው ዊስለር ሁለት ቀን ገደማ መሆኑን አልደበቀም፤ የሚያስከፍለው ግን ዕድሜውን ሙሉ ላካበተው ዕውቀት እንደሆነ ተናገረ። ክሱን ረታ፤ የተፈረደለት ካሳ ግን ሩብ ፔኒ ብቻ ነበር፤ በዓመቱም ከሰረ። ያው ሥዕል በ1892 በ800 ጊኒ ተሸጧል።

የዊስለር መልስ እውነት ነው ብዬ አምናለሁ። ሰዓልያን ግን ብዙ ጊዜ የሚሠሩበት ያለቦታው ነው፤ የወደዱትን ሥዕል ያስወድዳሉ፣ የሰለቻቸውን ያረክሳሉ። እኩል መጠን ካላቸው ሁለት ሸራዎች አንዱ በእጥፍ የሚሸጥበትን ምክንያት ገዢው ማወቅ አይችልም፤ ስለዚህ ወደ ክርክር ይገባል። ዕውቀትና ስም መግባት ያለባቸው ሰዓሊው ለሥራው ሁሉ በሚያወጣው ተመን ውስጥ ነው እንጂ በየሸራው ላይ አይደለም። ተመኑ ሥራው ሲፈለግ ያድጋል፤ በአንድ ቀን ስሜት ግን አይናወጥም።

ተመኑ በምን ይለካ? በስፋት ማስላት የተለመደ ነው፤ ጉድለቱ ግን ከባድ ነው። 40 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሸራ 2,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ 100 በ120 የሆነው ደግሞ 12,000። ትልቁ የትንሹን ስድስት እጥፍ ያወጣል ማለት ነው፤ ሥራው ግን ስድስት እጥፍ አይሆንም። ትንሽ ሸራም እኮ ንድፍ፣ ቅንብርና ውሳኔ ይጠይቃል። ርዝመትንና ወርድን ደምሮ በተመኑ ማባዛት የተሻለ ነው፤ 90 እና 220 ይመጣል፣ ልዩነቱም ከሁለት እጥፍ ተኩል አያልፍም። ለጀማሪ ሰዓሊ የምመክረው ይህንኑ ነው።

የቁሳቁስ ወጪ ለብቻው ይቆጠር። ሰዓሊው ጊርላንዳዮ እ.ኤ.አ. በ1485 ፍሎረንስ ውስጥ የሰብአ ሰገልን ስግደት ለመሣል ሲዋዋል ጠቅላላ ዋጋው 115 ፍሎሪን ነበር፤ ሰማያዊው ቀለም ግን ወቄቱ አራት ፍሎሪን ገደማ የሚያወጣው እንዲሆን ውሉ ለይቶ ጠቅሷል። በአዲስ አበባ ቀለሙም ሸራውም ከውጭ ስለሚገባ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ወጪው ናረ። ቁሳቁስን ከተመኑ ጋር የቀላቀለ ሰዓሊ ጭማሪውን ከገዛ ድካሙ ላይ ይከፍላል።

የጋለሪው ኮሚሽንም ከመነሻው ይታሰብ። በስቱዲዮ ርካሽ፣ በጋለሪ ውድ የሆነ ሥዕል ሁለቱንም ደንበኞች ያሸሻል፤ ገዢው የትም ቢያየው ዋጋው አንድ መሆን አለበት።