አገልጋዩ ምላሽ አልሰጠም
በኮምፒዩተር መረብ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

ባለፈው ዓመት በወልቂጤ ከተማ፣ ስሙን መጥራት በማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተራ ስጠብቅ፣ ከፊቴ አንድ አዛውንት ቆመው ነበር። ጎህ ሳይቀድ ከገጠር ተነሥተው የመሬት ይዞታ ማስረጃቸውን ሊያሳድሱ የመጡ ናቸው። ተራቸው ደርሶ ወደ መስኮቱ ቀረብ ሲሉ፣ ከውስጥ የተቀመጠችው ወጣት ሠራተኛ በትሕትና «ሲስተም የለም፣ አባቴ» አለቻቸው።

«መቼ ይመጣል፣ ልጄ?»

«አይታወቅም።»

«ማን ነው የሚያውቀው?»

«እነሱ ናቸው።»

«እነሱ እነማን ናቸው?»

ለዚህ መልስ አልነበራትም። ቴአትር ጸሐፊ ነኝና እንዲህ ያለውን ምልልስ በቀላሉ አልረሳም፤ በጥቂት መሥመር ንግግር ውስጥ አንድ ተጠያቂ አካል ከመድረኩ ሲሰወር አይቻለሁ። ወዲያው ከኋላዬ የነበረ ወጣት አንገቱን አስግጎ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን አማርኛ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «አገልጋዩ ምላሽ አልሰጠም»። ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። አንዲት ሴት «እውነቱን ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ መቼ ሰጠን!» አለች። ሠራተኛዋ ግን አልሳቀችም፤ ዐይኗ እንባ አቀረረ። ስድቡ በእርሷ ላይ የወረደ መስሏት ነበር።

ይህ ሂስ የሚነሣው ከአዛውንቱ ጥያቄና ከሠራተኛዋ እንባ ነው። ሰርቨር የሚባለው በመረብ የተያያዙ ብዙ ኮምፒዩተሮች የሚጠይቁትን መረጃ አከማችቶ የሚሰጥ ኮምፒዩተር መሆኑን ባለሙያዎች ያውቃሉ። ወልቂጤ ካለው ጠረጴዛ የሚቀርብለት ጥያቄ ሌላ ከተማ ድረስ ተጉዞ ሊሆን ይችላል። ተርጓሚው ይህን መሣሪያ «አገልጋይ» ሲለው በመዝገበ ቃላት ሚዛን አልተሳሳተም። ነገር ግን ቃሉ ወደ መድረክ ሲወጣ፣ ማለትም በሰልፍ መካከል ጮክ ተብሎ ሲነበብ፣ የመሣሪያውን ጥፋት በሰው ላይ አላከከ። በአማርኛ አገልጋይ ሰው ነው፤ በቤተ ክርስቲያንም፣ በቤትም፣ በመሥሪያ ቤትም ሰው ነው። ስለዚህ ጥያቄው የቃላት ምርጫ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ማን ለምን ተጠያቂ ነው የሚለውን ይነካል።

በአገራችን ለዘመናዊ ሙያ ቃላት የማዘጋጀቱ ሥራ አዲስ አይደለም። በ1960ዎቹ የተቋቋመው የአማርኛ አካዳሚ፣ ኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው ተቋም፣ ለብዙ ዓመታት ባለሙያዎችንና የቋንቋ ሊቃውንትን አሰባስቦ ደክሟል። የድካሙም ፍሬ የሆነው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1980ዎቹ መጨረሻ ታትሞ ለአንባቢ ደርሷል። ያ መጽሐፍ አዘጋጅ ነበረው፤ የሚነቀፍም የሚመሰገንም ተቋም ነበረው። ዛሬ በየስልኩና በየኮምፒዩተሩ ስክሪን ላይ የምናነበው አማርኛ ግን በአመዛኙ የውጭ ኩባንያዎች ያስተረጎሙት፣ የተርጓሚው ስም የማይታወቅ ጽሑፍ ነው። ከልብ ወለዶቻችን ሁሉ ይበልጥ በየዕለቱ የሚነበበው የአማርኛ ዝርው እርሱ ይመስለኛል። ይህን ያህል የተነበበ ጽሑፍ አንድም ሐያሲ አለማግኘቱ የእኛ የጸሐፍት ጉድለት ነው።

በቅድሚያ ሊመሰገን የሚገባውን ላመስግን። ማስረጃ ቢጠፋ ወይም መሣሪያ ቢበላሽ በቦታው እንዲተካ በሌላ ሥፍራ የሚቀመጠውን ቅጂ ተርጓሚዎቹ «ምትኬ» ብለውታል። ይህን ቃል ያገኘ ሰው ባለቅኔ ነው። ምትኬ በአገራችን ልጅ ሞቶባት ሌላ የወለደች እናት የምታወጣው ስም ነው፤ ውስጡ ኀዘን አለ፣ ኀዘኑን የሚሽር ተስፋም አለ። ቡታጅራ ውስጥ አንድ የስልክ ጥገና ሱቅ ተቀምጬ የቃሉን ጉልበት በዐይኔ ዐይቻለሁ። ወጣቱ ጠጋኝ ስልካቸው የተሰበረባቸውን አንዲት ነጋዴ «ባክአፕ አለዎት?» ሲላቸው ዝም ብለው አዩት። «እትዬ፣ ስልኩ ውስጥ ላለው ነገር ምትክ ሌላ ቦታ አስቀምጠዋል ወይ?» ብሎ ሲደግም ግን እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጭነው «ወይኔ ልጄ! የዱቤው መዝገብ በሙሉ እሱ ውስጥ ነው» አሉ። ትምህርቱ በአንድ ቃል ተጠናቀቀ።

«መሸጎጫ»ም እንዲሁ ነው። ኮምፒዩተር ደጋግሞ የሚፈልገውን ነገር ሩቅ ሄዶ ከማምጣት ይልቅ በቅርብ አኑሮ ይጠቀማል። ሴት አያቶቻችን በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው ለዕለት ጉዳይ የሚሸጉጡትን ገንዘብ ያስታወሰ ሰው አሠራሩን ያለ መምህር ይረዳዋል። «የይለፍ ቃል» ያሉትም የሰዓት እላፊንና የይለፍ ወረቀትን ለሚያስታውስ ትውልድ ማብራሪያ አያሻውም።

ከሁሉ ይበልጥ ግን «ኬላ» ይደንቀኛል። ወደ መረቡ የሚገባውንና የሚወጣውን እየመረመረ የሚያሳልፍና የሚከለክል ጥበቃ አለ፤ ፋየርዎል ይሉታል። ቃል በቃል የሚተረጉሙ ሰዎች «የእሳት ግድግዳ» ሲሉት ሰምቻለሁ። በፈረንጅ አገር በሕንፃዎች መካከል ቃጠሎ እንዳይሻገር የሚሠራ ግንብ ስላለ ስሙ ለእነርሱ ትርጉም ይሰጣል። ለእኛ ግን የሚነድም ግድግዳ ነው፣ የሚያቃጥልም ግድግዳ ነው፤ ግድግዳ ደግሞ ማንንም አያሳልፍም። ኬላ ግን ገመዱን ዘርግቶ ያስቆማል፣ ጭነትህን ይፈትሻል፣ ሕጋዊውን ይለቃል፣ ኮንትሮባንዱን ይይዛል። ከአዲስ አበባ በወልቂጤ አድርጎ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚመላለስ የጭነት መኪና ረዳት የዚህን ጥበቃ አሠራር ከኮምፒዩተር ተማሪው ባልተናነሰ ሊያስረዳ ይችላል። ጥሩ የሙያ ቃል ማለት ይህ ነው፤ ሕዝቡ በሥራው የሚያውቀውን ጠርቶ የማያውቀውን ያሳየዋል።

ወደ ነቀፌታው ልለፍ። ዳታን «ውሂብ» ያሉት ሰዎች ሊቃውንት ናቸው። ግእዙ «ወሀበ» መስጠት ነውና፣ ላቲኑም «የተሰጠ» ማለት ስለሆነ፣ ትርጉሙ ከሥሩ ሳይዛነፍ ተነቅሏል። ዳሩ ግን የተነቀለ ተክል ሁሉ አይጸድቅም። ወልቂጤ ላይ ከጥቅል ገዢ እስከ ኮምፒዩተር መምህር ድረስ ያነጋገርኩት ሁሉ «ዳታ» ይላል። ተዋናይ አፉ ላይ የማይቀመጥለትን ቃል ጽፌ ስሰጠው በልምምድ ጊዜ ሳያውቀው ይለውጠዋል። ስሕተቱ የእርሱ አይደለም፣ የእኔ ነው። ሕዝብም ትልቁ ተዋናይ ነው።

«አስተዳዳሪ» ሌላው እንከን ነው። ለተጠቃሚዎች ፈቃድ የሚሰጠውንና የሚነሣውን፣ የሰርቨሩን ጤንነት የሚከታተለውን፣ ምትኬ የሚይዘውን ባለሙያ ስክሪኑ በዚህ ስም ይጠራዋል። ፈቃድ የሌለው ሰው ሰነድ ልክፈት ቢል «አስተዳዳሪዎን ያነጋግሩ» የሚል ጽሑፍ ይመጣበታል። ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናቸው። በእነዚህ ከተሞች አስተዳዳሪ የሚባለው የቀበሌው፣ የወረዳው፣ የዞኑ ሹም ነው። አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይህን ትእዛዝ አምና በቅንነት ወደ ሹሙ ጸሐፊ ዘንድ ሄዳ ቀጠሮ መጠየቋን ባልደረቦቿ እየሳቁ አጫውተውኛል። እኔ ግን በእርሷ ላይ የሚያስቅ ነገር አላየሁም፤ የተጻፈውን አነበበች፣ ያነበበችውን ፈጸመች። «የመረብ ባለሙያውን ያነጋግሩ» ቢባል ኖሮ ጉዳዩ ባለቤቱ ዘንድ በደረሰ ነበር።

አንዳንድ ቃላት ደግሞ ከነአካቴው መተርጎም የሌለባቸው ናቸው። አንዱ መሣሪያ ሲያዝዝ ሌላው የሚታዘዝበትን አሠራር የእንግሊዝኛው ልማድ «ጌታና ባሪያ» ይለው ነበር። በራሳቸው አገር ብዙ የሶፍትዌር ሠሪዎች ይህን አጠራር ከእ.ኤ.አ. 2018 ወዲህ በተለይም በ2020 ትተውታል። እኛ ባርነትን በሕግ የሻርነው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ቃሉ ግን ዛሬም ሰው ይሰደብበታል፣ ጋብቻ ይከለከልበታል። ሌሎች የተዉትን ቁስል እኛ በአዲስ መሣሪያ ላይ ልንጽፈው አይገባም፤ «አዛዥና ታዛዥ» ይበቃል። ከበስተጀርባ ሆኖ ሌሊትም ቀንም የሚሠራውን ፕሮግራም በእ.ኤ.አ. 1963 የኤም አይ ቲ ባለሙያዎች «ዲመን» ያሉት ከአንድ የፊዚክስ ምሳሌ ወስደው ነው። ይህን ቃል በቃል «ጋኔን» ብለን ብንመልሰው ማን ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ያድራል? ሌላው ሲተኛ ነቅቶ የሚሠራ «ዘበኛ» አለን።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ አማርኛና ስለ ግእዝ ነው። ይሁን እንጂ የአካባቢው ሕዝብ የራሱ ቋንቋና የራሱ የኑሮ ሥርዓት አለው። የተለያዩ መረቦች ሁሉ የሚገናኙበትን ዋና መሥመር «የጀርባ አጥንት» ሲሉት እሰማለሁ። የጉራጌን መንደር ያየ ሰው ግን ጀፎረን ያስታውሳል። ጀፎረ በሁለት ረድፍ በተሠሩ ቤቶች መካከል የተዘረጋ ሰፊ የሣር ሜዳ መንገድ ነው፤ የየቤቱ በር ወደ እርሱ ይከፈታል፣ ሠርግም ለቅሶም በእርሱ ያልፋል፣ ማንም አጥሩን ገፍቶ እንዳይገባበት ባህላዊው ሕግ ይጠብቀዋል። የጋራ መሥመርን ከነሥርዓቱ የሚገልጽ ከዚህ የተሻለ ምን ሥዕል ይገኛል? ደግሞስ አንድ ኮምፒዩተር የማያውቀውን ሌላ ኮምፒዩተር የሚያምነው ሁለቱም የሚያምኑት ሦስተኛ ወገን ሲመሰክርለት ነው። ይህን «ሰርተፊኬት» ይሉታል። ዕቁብ የሚጥል የቡታጅራ ነጋዴ ዕጣ የወጣለት አባል ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ እንደሚጠራ ያውቃል። «ዋስ» ብንለው አሠራሩን በአንድ ጊዜ ይረዳዋል።

እነዚህ ሐሳቦች የምኞት ብቻ እንዳይመስሉ ሁለት ነገር ላስታውስ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የመጀመሪያ ልብ ወለዱን በቸሃ ቋንቋ ጽፎ፣ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት፣ በእ.ኤ.አ. 1964 ታትሟል። ሌስላው ራሱ በ1979 የጉራጌ ቋንቋዎችን የሥርወ ቃል መዝገበ ቃላት በሦስት ቅጽ አሳትሟል። ስለዚህ ቃላቱ ተሰብስበዋል። ፊደሉም ቢሆን፣ ኮምፒዩተሮች ሁሉ በሚስማሙበት በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የግእዝ ፊደል በእ.ኤ.አ. 1999 ሲገባ፣ ለሰባት ቤት ድምፆች የሚያስፈልጉት በ2005፣ ለጉራጊኛ አጻጻፍ የተጨመሩትም በ2021 ገብተዋል። መሣሪያው የሕዝቡን ፊደል ተቀብሏል፤ የሕዝቡን ቃል የሚያቀብለው ግን አላገኘም።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሙያው ዓለም አቀፍ ነው፤ በእንግሊዝኛው እንሥራ» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ክርክራቸው ከንቱ አይደለም። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኮምፒዩተርን የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሰርቨርን ሰርቨር፣ ራውተርን ራውተር ቢል ባንክንና መኪናን እንደ ተቀበልን እንቀበለዋለን። ነገር ግን ይኸው ተማሪ ተመርቆ ሲቀጠር ሪፖርቱን በአማርኛ ይጽፋል፣ ከባለጉዳዩ ጋር በጉራጊኛ ይነጋገራል። በሦስቱ ቋንቋዎች መካከል የሚወድቀው ነገር ነው «ሲስተም የለም» ሆኖ የሚወጣው።

በዚህ በአንድ ሐረግ ውስጥ ቢያንስ አራት የተለያዩ ጉዳዮች ተደብቀዋል። መብራት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። መብራት እያለ መሥመሩ ተቆርጦ ይሆናል። መሥመሩም ደኅና ሆኖ ሰርቨሩ ቆሞ ይሆናል። ሁሉም እየሠራ ሠራተኛዋ ያን ሰነድ ለመክፈት ፈቃድ ሳይሰጣት ቀርቶ ይሆናል። አራቱም የየራሳቸው ባለቤት፣ የየራሳቸው መፍትሔና የየራሳቸው ጊዜ አላቸው። «መሥመር ተቆርጧል» የተባለ አዛውንት ማን እንደሚቀጥለው ይጠይቃል። «ፈቃድ አልተሰጠኝም» የተባለ ደግሞ ፈቃጁን ይፈልጋል። «ሲስተም የለም» የተባለ ግን የሚጠይቀው የለውም፤ ያለው ምርጫ የመሣፈሪያውን ቆጥሮ ወደ መጣበት መመለስ ነው።

በ1990ዎቹ ወረዳ ኔት ወረዳዎችን ከማእከል ጋር በመረብ ለማገናኘት ሲዘረጋ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዕውቀት ፈሶበታል። ሽቦ የሚዘረጋ መሐንዲስ አልጠፋም ነበር፤ ከሽቦው ጋር ቃል የሚዘረጋ ጸሐፊ ግን አልተጠራም፤ እኛም ሳንጠራ አልሄድንም። አሁን መሄድ አለብን። በየከተማው መምህሩ፣ የመረብ ባለሙያው፣ የመስኮቱ ሠራተኛና ደራሲው አንድ ጠረጴዛ ከበው ስክሪኑ የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር አንድ በአንድ ጮክ ብለው ያንብቡት። የሚያስቀውን፣ የሚያሳስተውን፣ ንጹሑን የሚከስሰውን ይለዩ። የተሻለውንም ቃል በገበያና በሰልፍ ይፈትኑት።

አዛውንቱ በዚያን ዕለት ከመውጣታቸው በፊት ወደ መስኮቱ ተመልሰው ሠራተኛዋን «አይዞሽ ልጄ፣ ጥፋቱ ያንቺ እንዳልሆነ አውቃለሁ» ሲሏት ሰምቻለሁ። የማን እንደ ሆነ ግን አላወቁም። ያን እንዲያውቁ ማድረግ፣ ከሌሎች ሥራዎች ሁሉ በፊት፣ የቋንቋ ሥራ ነው።