ቡድን የሚሠራው በሳምንቱ አጋማሽ ነው

«ኢንተርኔት ላይ ቡድን አሠለጥናለሁ» ያልኩት ሰው ሁሉ መልሶ የሚጠይቀኝ «ካፒቴን ማንን አደረግህ?» ብሎ ነው። አልፈርድበትም፤ ፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ የማይጫወት ጓደኛ ማግኘት ከብዷል። የእኔ ጨዋታ ግን ሃትሪክ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ስዊድን ውስጥ የተጀመረ፣ ከሞላ ጎደል ጽሑፍና ቁጥር ብቻ የሆነ የአሠልጣኝነት ጨዋታ። በፋንታሲ ሃላንድን እኔም አንተም ጎረቤትህም በአንድ ቅዳሜ ልንይዘው እንችላለን። እዚህ ተጫዋቾቹ በእውን የሌሉ ሰዎች ናቸው፤ ይሁንና እያንዳንዱ የአንድ ቡድን ብቻ ነው። የእኔን ልጅ ከፈለግኸው እስክሸጠው ጠብቀህ ጨረታ ትገባለህ።

ነገሩ ቀርፋፋ ነው። በአንድ ምድብ 8 ቡድን፣ 14 የሊግ ጨዋታ፣ በሳምንት አንድ ብቻ። ሲዝኑ 16 ሳምንት ይፈጃል፤ ተጫዋቹም በየ16 ሳምንቱ አንድ ዓመት ያረጃል። ችኩል ሰው ቶሎ ይሰለቸዋል።

ጀማሪ ሐሳቡን ሁሉ የሚጥለው የሊጉ ቀን ላይ ነው። እኔ ደግሞ ቡድን የሚሠራው በሳምንቱ አጋማሽ፣ ማንም በማይመለከተው የወዳጅነት ጨዋታ ነው እላለሁ። ምክንያቱ የልምምዱ ሕግ ነው። ለሙሉ ቡድኑ በሳምንት የሚመረጠው አንድ ዓይነት ልምምድ ብቻ ነው፤ ግብ ጠባቂነት ወይ መከላከል፣ ጨዋታ ማደራጀት ወይ ግብ ማስቆጠር። የሚጠቅመውም በዚያ ሳምንት በተገቢው ቦታ ተሰልፎ ለተጫወተ ነው። 90 ደቂቃ የሞላ ሙሉውን ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ቢሮጥ ትርፍ የለውም። ስለዚህ ጨዋታ ማደራጀት የሚያሠለጥን ሰው እሑድ ሦስት አማካዮች ካሰለፈ፣ በሳምንቱ አጋማሽ ሌሎች ሦስት ልጆች ያስገባል። ስድስት ሆኑ ማለት ነው። እሑድ የተጫወተውን በወዳጅነቱም የሚደግም አሠልጣኝ የሦስት ልጆችን ሳምንት በከንቱ ያቃጥላል። አንድ ወዳጄ የወዳጅነት ውጤቴን አይቶ «ቡድንህ ፈረሰ እንዴ?» ብሎኛል። ስድስት ጎል ገብቶብን ነበር፤ ልጆቹ ግን 90 ደቂቃቸውን ሞልተዋል።

ከባዱ ነገር የሚመጣው እሑድ ነው። ዛሬ የሚያሸንፍልህ የ30 ዓመቱ አማካይ፣ ነገ የሚያድገውን የ18 ዓመት ልጅ ቦታ ይዟል። መውረድ ካላሰጋኝ ልጁን አስገባለሁ፤ ሦስት ነጥብ ቢያስከፍለኝም። ላለመውረድ ስታገል ግን ሽማግሌው ይግባ። መሐሉ ላይ ያሉትን ሳምንታት በተመለከተ እስካሁን ከራሴ ጋር አልተስማማሁም።

አማካይ ላይ የምከርመው በዋዛ አይደለም። መሐል ሜዳውን የያዘ ቡድን አብዛኛውን የጎል ዕድል ያገኛል፤ ዕድሉ ጎል መሆን አለመሆኑ የሚለየው ከዚያ በኋላ፣ በግራ፣ በቀኝ ወይም በመሐል ያለው የማጥቃት ኃይል ከተቃራኒው የመከላከል ኃይል ጋር ሲመዘን ነው። ውድ አጥቂ ገዝቶ ደካማ አማካይ ማሰለፍ ወፍጮ የሌለበት አገር እህል እንደመቆለል ነው።

ተጋጣሚህ ኮምፒዩተር ሳይሆን ሰው መሆኑ ደግሞ ሌላ ጣዕም አለው። ያለፉ ጨዋታዎቹ ለሁሉም ክፍት ናቸው፤ ሁሌ በቀኝ የሚያጠቃ ሰው አለ፣ ከመሪው ጋር ሲገናኝ አምስት ተከላካይ የሚደረድር ሰው አለ። «የሲዝኑ ጨዋታ» ብለህ ልጆቹን ብታነሣሣ መሐል ሜዳህ ይበረታል፤ ዋጋው ግን ለሳምንታት የሚወርድ የቡድን መንፈስ ነው። ዘና ብለው እንዲጫወቱ ብታዝ መንፈሳቸው ይነሣል፣ የዚያ ቀን ጨዋታ ይዳከማል። ደካማ ቡድን ሲገጥመኝ ዘና አስደርጌ መንፈስ አጠራቅማለሁ። ችግሩ ተጋጣሚዬ ይህን አስቀድሞ ሊገምት መቻሉ ነው።

ጨረታው 3 ቀን ይቆያል። በመጨረሻዎቹ 3 ደቂቃዎች ውስጥ ዋጋ የጨመረ ካለ ሰዓቱ በ3 ደቂቃ ይራዘማል፤ እልህ የሚያባላው እዚህ ነው። እኔ ከፍተኛውን ዋጋ አስቀድሜ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፣ ካለፈ ስልኩን ዘግቼ ቡና አስፈላለሁ። ለአባልነት በእውነተኛ ገንዘብ የከፈለ ሰው መረጃና ምቾት እንጂ ጎል አይገዛም፤ ጨዋታውን የማከብርበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። ገጹም ቀላል ስለሆነ ኔትወርክ በደከመበት ሰዓት እንኳ ይከፈታል።

አሁን የማሠለጥናቸው አማካዮች 22 ሊሞላቸው ነው። ልምምድ ከዕድሜ ጋር ይዘገያል፤ ደሞዝ ግን ከችሎታ ጋር ያድጋል። ምድቡን ለመምራት ሁለት ነጥብ ቀርቶናል፤ ሁለቱን ምርጦች ግን በዚህ ሳምንት ለጨረታ አወጣቸዋለሁ። በእነሱ ቦታ የሚገቡት የ17 ዓመት ልጆች ረቡዕ ይሰለፋሉ።