ጋቢና ያልገባ ብዕር

ሥነ ጽሑፋችን መንገድ አያውቅም ብል እዋሻለሁ። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ሰብለ ወንጌል መነኩሴ መስላ በዛብህን ፍለጋ ስትወጣ፣ የእግረኛውን ድካምና ፍርሃት አብረናት እንቀምሳለን። ደራሲዎቻችን በእግሩና በበቅሎው የሚሄደውን ሰው ደኅና አድርገው ያውቁታል። ተሳቢ ጎትቶ በረሃ የሚያቋርጠውን ሾፌር ግን ዛሬም አላወቁትም። ቅሬታዬ ይኸው ነው።

እንዲያው ከአቃቂ ቃሊቲ እንነሣ። በዋናው ጎዳና ዳር ጥቂት የቆመ ሰው ባለ ተሳቢ መኪናዎች ተከታትለው ሲያልፉ ያያል። ቢሾፍቱን፣ ሞጆን፣ አዳማንና አዋሽን አልፈው፣ በገዋኔና በሚሌ አድርገው፣ በጋላፊ በኩል ጅቡቲ ይገባሉ፤ መንገዱ 900 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስከ ፈነዳበት እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ ዋናው መዳረሻ አሰብ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ዓለም ከአውሮፕላን የሚወርደውን ከረጢት በፎቶግራፍ አየ፤ አብዛኛው የእርዳታ እህል ግን ከወደብ የተጓጓዘው በመኪና ነበር። ታዲያ የሾፌሩን ስም የጠየቀ ማን ነው?

ሾፌሩ በልብ ወለድና በድራማ ውስጥ የለም ማለቴ አይደለም። አለ፤ የምናገኘው ግን ሁልጊዜ ከጋቢናው ወርዶ ነው። ቡና ቤት ተቀምጦ ብር ይበትናል፤ በየከተማው ውሽማ ያስቀምጣል፤ ሲነጋ ጥሩንባውን ነፍቶ ይሄዳል። በ1980ዎቹ ኤድስ ሲስፋፋ ምስሉ ይብሱን ጠቆረ። በሽታው በረጅም መንገድ ሾፌሮች ዘንድ በርትቶ መታየቱ እውነት ነበር፤ ማስተማሩም ተገቢ ነበር። ነገር ግን የጤና መምህርና የደራሲ ሥራ ለየቅል ነው። መምህሩ ሾፌሩን «ተጠንቀቅ!» ይለዋል፤ ደራሲው ደግሞ «ማን ነህ?» ሊለው ይገባ ነበር። አላለውም።

ቢለው ኖሮ ምን ይሰማ ነበር? ለምሳሌ የቁልቁለቱን ነገር። ቃሊቲ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሚሌ 500 ሜትር ግድም ላይ። ሽቅብ ሲጎተት የነበረው ተሳቢ ቁልቁል ሲሆን ገፊ ይሆናል። ሾፌሩ በፍሬን ብቻ ከተማመነ ፍሬኑ ግሎ ይከዳዋል፤ የተሳቢው ፍሬን ከመኪናው እኩል ካልያዘም ተሳቢው ተጣጥፎ ይመጣበታል። ስለዚህ በከባድ ማርሽ ይዞ በትዕግሥት ይወርዳል። በረሃው ላይ ደግሞ ጎማ በሙቀት ይፈነዳል፤ ግመል ከጨለማ ውስጥ ድንገት ብቅ ይላል። ጎሚስታ፣ ክሪክ፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፤ ከጣሊያንኛ የወረስናቸው እነዚህ ቃላት በሾፌሩ አንደበት አማርኛ ሆነዋል፤ በደራሲው ብዕር ግን ገና እንግዳ ናቸው።

ነገሩ የማይቻል ሆኖ አይደለም። አውስትራሊያዊው ጆን ሄየር «ዘ ባክ ኦቭ ቢዮንድ» የተሰኘውን ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1954 አቅርቧል። ፊልሙ ቶም ክሩስ የተባለው ፖስታ አመላላሽ፣ ከማሪ እስከ በርድስቪል 500 ኪሎ ሜትር ግድም የሚሆነውን የበረሃ መንገድ በአሮጌ ሌይላንድ መኪና ሲያቋርጥ ይከተለዋል። ክሩስ ራሱን ሆኖ ይታያል፤ አሸዋ ሲያስቸግረው ከጎማው ሥር ብረት ያነጥፋል። በድርሰቱ ገጣሚው ዳግላስ ስቱዋርት ተሳትፎበታል፤ ቬኒስ ላይም ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። እንከን የለውም አልልም። ገንዘቡን ያወጣው የነዳጅ ኩባንያው ሼል ነው፤ ተቀነባብረው የተተወኑ ትዕይንቶችም አሉበት። ቢሆንም ካሜራው የሠራተኛውን ሰው ከሥራው ሳይነጥል አይቶታል። ዛሬ በዚያው መንገድ ሰዎች አልጋና ምድጃ ያለው ተሳቢ ከመኪናቸው ኋላ አስረው ለሽርሽር ይሄዳሉ። የእኛም ሾፌር አልጋው ከወንበሩ ኋላ፣ ምድጃው ከተሳቢው ጥላ ሥር ነው፤ የሚሄደው ግን ለእንጀራው ነው።

ጊዜውም አይጠብቅም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ከጭነቱ ከፊሉን ወስዷል። «ኤን ትሬ» ፊያት ይዘው አሰብ የተመላለሱት አርጅተዋል፤ የሚያውቁት ሁሉ ካልተጻፈ አብሯቸው ይቀበራል።

ጻፉ ስል አወድሱ ማለቴ አይደለም። ሾፌሩ ይዋሽ፣ ይፍራ፣ ይክዳም፤ ብቻ መሪ ላይ ሆኖ እንየው። ሚስቱንም ስልክ እስኪጮኽ በምትጠብቅባቸው ሌሊቶች እንያት። አጀማመሩ የቸገረው ደራሲ ከረዳቱ ይጀምር፦ መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ታኮ ይዞ ዘሎ የሚወርደው፣ ጭነት ሲጠብቅ የሚያድረው፣ አንድ ቀን መሪ እይዛለሁ ብሎ ስድቡን ሁሉ የሚችለው ልጅ። ከእርሱ የበለጠ ባለ ታሪክ ከወዴት ይገኛል?