ከረጢት ወይስ መረብ? የአንድ የናኖጄል ጥናት ሂሳዊ ዳሰሳ

ተልባ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ምን እንደሚሆን የኢሉባቦሯ የጎሬ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ፍሬው ውሃ ስቦ የሚያሟልጭ ልባስ ይለብሳል። ልባሱ በአብዛኛው ፖሊሳካራይድ ነው፤ ስኳሮች ተቀጣጥለው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት። እንዲህ ያሉ ሰንሰለቶችን እርስ በርስ አስሮ፣ በናኖሜትር እስኪለኩ አሳንሶ መድኃኒት ማሸከም የናኖጄል ጥበብ ነው። ጥላሁን አያኔ ደበሌ፣ ሸዋዬ ላቀው መኩሪያ እና ሺየ-ቺህ ጻይ እ.ኤ.አ. በ2016 «ማቴሪያልስ ሳይንስ ኤንድ ኢንጂነሪንግ ሲ» መጽሔት ላይ ያወጡት የዳሰሳ ጽሑፍ ይህን ጥበብ ይመረምራል። ሁለቱ ኢትዮጵያውያን ከሦስተኛው ባልደረባቸው ጋር የሠሩት በታይዋን ብሔራዊ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው።

የጽሑፉ ትልቁ ብርታት የርእሰ ጉዳይ ምርጫው ነው። በፋብሪካ ከሚቀመሙ ፖሊመሮች ይልቅ ሰውነት የሚለምዳቸውንና የሚያፈርሳቸውን ፖሊሳካራይዶች ያስቀድማል። እነዚህ ሰንሰለቶች ብዙ ኬሚካዊ እጆች ስላሏቸው እንደ ዓላማው ሊለወጡ እንደሚችሉም ያሳያል። ለአሲድ የሚሰጡት ምላሽ የሚመነጨው ከዚሁ ነው። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች በደም ውስጥ 7.4 ገደማ ሲሆን፣ በካንሰር ዕጢ ዙሪያ ብዙ ጊዜ ከ6.5 እስከ 7፣ በሴል ውስጥ ባለው ላይሶሶም ደግሞ ከ4.5 እስከ 5 ይወርዳል። ከፖሊሳካራይዶቹ አንዱ የሆነው ካይቶሳን ኮምጣጣ አካባቢ ሲደርስ የአሚን ቡድኖቹ ፕሮቶን ይቀበላሉ፤ አንድ ዓይነት ኤሌክትሪካዊ ሙል የያዙት ሰንሰለቶች ይገፋፋሉ፤ መረቡ ያብጣል፤ መድኃኒቱ ይለቀቃል። በሌላ ስልት ደግሞ አሲዱ ራሱ የሰንሰለቶቹን ማሰሪያ ይበጥሳል።

የቋንቋው ጥንቃቄ ግን ከይዘቱ ያንሳል። የጥናቱ አሕጽሮት ናኖጄልን «ቬሲክል» ይለዋል። ቬሲክል በስስ ሽፋን የተቋጠረ ከረጢት ሲሆን ናኖጄል መረብ ነው። ከረጢት ሲቀደድ የያዘውን ያፈሳል፤ መረብ ሲላላ ቀስ በቀስ ይለቃል። የጽሑፉ ቁም ነገር ቁጥጥር ያለው አለቃቀቅ ስለሆነ፣ ተለዋጭ ዘይቤው የተሳሳተው እጅግ ሊጠነቀቅ በሚገባው ቦታ ላይ ነው። ባሕርያቱን የሚያሞግሱት ቅጽሎችም ተደራርበዋል፤ ጥቂት ቁጥሮች ቢተኳቸው አንባቢውን ይበልጥ ባሳመኑት ነበር።

ከዚህ የሚከብደው ነቀፌታ የሚዛን ጉዳይ ነው። የጽሑፉ ትኩረት ተሸካሚው ምን መሥራት እንደሚችል ነው። በዚያው ዓመት «ኔቸር ሪቪውስ ማቴሪያልስ» ላይ ቪልሄልምና ባልደረቦቹ የአሥር ዓመት ጥናቶችን መርምረው፣ ከተሰጠው የናኖ ቅንጣት መጠን እንስሳት ላይ ዕጢው ዘንድ የሚደርሰው መካከለኛ ድርሻ 0.7 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። አሲድ የሚከፍተው በር የሚጠቅመው ለዚያች ለደረሰችው ድርሻ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ማንበብ ይበጃል።

ለደራሲዎቹ ፍትሐዊ እንሁን፤ ዘርዝረው ብቻ አልተቀመጡም። እ.ኤ.አ. በ2017 ከሄፓሪን፣ ከፎስፎሊፒድና ከሂስቲዲን የተሠራ፣ ለፒኤች ምላሽ የሚሰጥ ሚሴል አሳትመዋል። ሚሴል፣ ማለትም ሞለኪውሎች ራሳቸው ተሰባስበው የሚሠሩት ጥቃቅን ድብልብል፣ ናኖጄል ባይሆንም፣ በዳሰሳው የተነሣው ሐሳብ ወደ ቤተ ሙከራ መውረዱን ያሳያል።

የዚህ ሥራ ዋጋ ለእኛ ጥሬ ዕቃውን በአዲስ ዓይን እንድናይ ማድረጉ ነው። ፅጌ ገብረ ማርያም እና ሽሚት የእንሰትን ስታርች ባሕርያት እ.ኤ.አ. በ1996 አጥንተው አሳትመዋል፤ ስታርችም ፖሊሳካራይድ ነው። የኢሉባቦር ጓሮ ደግሞ ጎደሬን አያጣም። ከጎደሬ ስታርች እስከ ናኖጄል ሩቅ ነው፤ ዝናብ በማይጠግበው በጎሬ ደግሞ ውሃ የሚስብ ዱቄት ሳይበላሽ የሚቆይበትን መላ ማሰብም የሥራው አካል ይሆናል። ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፤ ጽሑፉ ለጀማሪ ተመራማሪ የታመነ መግቢያ ነው። መረቦቹን በሚገባ አሳይቶናል፤ ስንት መድኃኒት እስከ የት እንደሚያደርሱ መመዘኑን ግን ለተከታዩ ትቶለታል።