«ደረሰች» ማለት ምን ማለት ነው?

በደብረ ማርቆስና በአካባቢው እንግሊዝኛን የሚማር ሰው፣ መርከብ ወደብ ስትገባ የሚነገሩትን ቃላት የሚያጠናው ባሕሩንም መርከቡንም ሳያይ ነው። ስለዚህ መሪው መዝገበ ቃላት ብቻ ይሆናል። መዝገቡ ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ የአማርኛ ቃል እያጋጠመ ሲሰጠው ቃሉን ያገኛል፤ ነገሩን ግን ያጣል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንነቅፈው ይህንኑ ልማድ ነው።

በጣና ሐይቅ ላይ ከደንገል የተሠራች ታንኳ ዳር ከነካች ደርሳለች፤ መድረስና መቆም አንድ ድርጊት ናቸው። የመርከብ አደራረስ ግን ደረጃ ደረጃ አለው። መርከቢቱ መልሕቅ ጥላ ተራ ትጠብቃለች፤ የወደቡን ውሃ የሚያውቅ መሪ ይሳፈርባታል፤ ጎታች ጀልባዎች እየረዷት ወደተመደበላት ስፍራ ትጠጋለች፤ በመጨረሻም በገመድ ትታሰራለች። እንግሊዝኛው «አንከር»፣ «በርዝ» እና «ሙር» እያለ የሚለያቸው ሦስት ድርጊቶች በአማርኛ ሁሉም «ቆመች» ከተባሉ ልዩነቱ ጠፋ ማለት ነው።

ይህ ልዩነት የቃላት ጌጥ አይደለም። በመርከብ ኪራይ ውል «ደረሰች» የምትባልበት ሰዓት የማራገፊያው ጊዜ የሚቆጠርበትን፣ ነጋዴዎቻችን ዲመሬጅ የሚሉት የመዘግየት ክፍያም የሚከተልበትን መነሻ ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1973 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት «ዮሐና ኦልደንዶርፍ» በተባለችው መርከብ ክርክር፣ መርከብ ማራገፊያ ስፍራዋን ሳትይዝ እንኳ በወደቡ ክልል ውስጥ ሆና ለተከራዩ ዝግጁ ከሆነች እንደ ደረሰች ትቆጠራለች ሲል ፈርዷል። እንግዲህ «ደረሰች» እና «ተጠግታ ታሰረች» የሚሉትን የሚያቀላቅል ተርጓሚ ገንዘብ ያስከፍላል። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የራሷ ወደብ ለሌላትና ጭነቷን በአብዛኛው በጅቡቲ ለምታስገባ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«ፓይለት» የሚለውም ቃል እንዲሁ ያሳስታል፤ አማርኛ ተናጋሪ ሲሰማው የሚታየው አውሮፕላን አብራሪ ነውና። በግዕዝ መርከብ መሪውን «ሐዳፊ» የሚል ቃል አለ። የሐዋርያት ሥራን ምዕራፍ 27 የተማረ የጎጃም የቆሎ ተማሪ ከመርከብ ኋላ የተጣሉትን አራት መልሕቆች ያውቃል፤ ደገኛው ስለ ባሕር ቃል የለውም ማለት ስሕተት ነው። ሆኖም ሐዳፊ በገዛ እጁ የሚመራ ሲሆን፣ የወደቡ ሰው ለመርከቡ አዛዥ መንገድ የሚያሳይ ነው። ስለዚህ «የወደብ መሪ» ማለትን እንመርጣለን።

የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ1994 ዓ.ም. ያጸደቀው የመርከብ መነጋገሪያ ሐረጎች ስብስብ ከሐረጎቹ በፊት የቃላቱን ብያኔ ያስቀምጣል። እኛም አስቀድመን ብያኔውን፣ ቀጥለን ስያሜውን እናስቀምጥ፦ መልሕቅ ጣለች፣ ስፍራዋን ያዘች፣ ታሰረች። «ደረሰች» የሚለው ግን በውል ጽሑፍ ለሕጋዊ ፍቺው ብቻ ይጠበቅ እንላለን።