ወንበሩ የማን ነው? የ2020ው የጥምር መንግሥትና እኛ

ሜይ 17 ቀን 2020 ፕኒና ታማኖ-ሻታ በክኔሴት ቃለ መሐላ ስትፈጽም፣ እኛ ቂርያት ማላኺ ቤታችን ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን ነበር። እናቴ እልል አለች። ያቭኔ ያለችው አክስቴ ወዲያው ደውላ "አያችኋት?" አለች። ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው በእስራኤል ሚኒስትር ሲሆን ያ የመጀመሪያው ነው። በሦስት ዓመቷ በዘመቻ ሙሴ የመጣች ልጅ እዚህ ስትደርስ እልልታው ይገባል። ታናሽ ወንድሜ ግን "የምን ሚኒስትር?" ብሎ ጠየቀ። "የዓሊያና የክሊታ" ስንለው፣ "እኔ እኮ የተወለድኩት ረሖቮት ካፕላን ሆስፒታል ነው፤ ለእኔ ምን ታደርግልኛለች?" አለ።

እናቴ ተቆጣችው። ጥያቄው ግን ልክ ነው።

መጀመሪያ ያ መንግሥት እንዴት እንደተሠራ እንይ። አገሩ ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ሦስት ምርጫ አድርጎ ደክሞ ነበር። ነታንያሁና ቤኒ ጋንጽ ኤፕሪል 20 ቀን 2020 ተፈራረሙ። መጀመሪያ ነታንያሁ፣ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ጋንጽ ሊመራ ተስማሙ። ሁለቱ ወገኖች እኩል ድምፅ ያዙ፤ አንዱ የሌላውን ሚኒስትር ማባረር አይችልም። ሁሉንም ለማስደሰት ደግሞ ወንበር ያስፈልጋል። ስለዚህ ከ30 በላይ ሚኒስትሮች ተሾሙ። ለውኃ ሀብት አንድ፣ ለሰፈራ አንድ፣ ማኅበረሰብን ለማጠናከር ሌላ። ኮሮና ሰውን ከሥራ እያስወጣ በነበረበት ሰሞን እኮ ነው! "ይህን ሥራ ማን ይችለዋል?" ከሚለው ይልቅ "ማን ያለ ወንበር ቀረ?" የሚለው ስሌት በለጠ።

በዚህ ክፍፍል ለእኛ ሁለት ቦታ ደረሰን። ፕኒና በካሖል ላቫን በኩል ሚኒስትር ሆነች። ከማርቹ ምርጫ በፊት ከካሖል ላቫን ወደ ሊኩድ የተሻገረው ጋዲ ይቫርካን ደግሞ ሚሽታራ በሥሩ ባለበት መሥሪያ ቤት ምክትል ሚኒስትር ሆነ። አባቴ "ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል" አለ። ጥሩ ተረት ነው። ችግሩ፣ ሁለቱም ባላ የተተከለው በአንድ መሬት ላይ ነበር።

አሁን ወደ ወንድሜ ጥያቄ ልመለስ። ሰሎሞን ተካ ጁን 30 ቀን 2019 ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ከሞተ ገና ዓመት አልሞላም ነበር። መንገድ የዘጉት ወጣቶች የጠየቁት ስለ ሚሽታራ ነው። በጃንዋሪ 2012 ቂርያት ማላኺ ላይ ሰልፍ የወጣነው አንዳንድ ባለ አፓርታማዎች ለኢትዮጵያውያን ላለመሸጥና ላለማከራየት ተስማሙ ስለተባለ ነው። ገዴራ ሻፒራ ሰፈር ያሉ ጓደኞቼ የሚያወሩት ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ባግሩት ነው። ሚሽታራ፣ ቤት፣ ትምህርት። ከእነዚህ አንዱም በሚስራድ ሃክሊታ እጅ አይደለም። እዚህ ተወልደን፣ በጾር አገልግለን፣ አሁንም "የእናንተ ጉዳይ" ተብሎ የሚላክልን የመግቢያው በር ነው። ወንበሩ ክብር አለው፤ ግን "ገና እየመጣችሁ ነው" የሚል መልእክትም ይዟል።

አንዲት የገዴራ ጓደኛዬ ይህን ስነግራት ተቆጣች። "ጎንደር ቁጭ ብላ ልጇን የምትጠብቅ እናት አለች፤ ለእሷ ይህ ሚስራድ ሕይወት ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አልከራከርም። በዲሴምበር 2020 "ጹር እስራኤል" የተባለው ዘመቻ ሲጀመር ፕኒና ራሷ ሄዳ ሰዎቹን ይዛ መጣች። ይህ ሥራ ነው፤ ሊነገርላት ይገባል። ነገር ግን 2,000 ሰው ይምጣ ብሎ የወሰነው መንግሥት በሙሉ ነው፤ ማን ይገባል የሚለው የሀገር ውስጥ ጉዳይ፣ ገንዘቡ የፋይናንስ ሚኒስቴር ነው። በሩ ላይ እንኳ ቁልፉ ሙሉ በሙሉ የእሷ አልነበረም።

ገንዘብ ካልን ደግሞ፣ ያ መንግሥት አንድም በጀት ሳያጸድቅ ዲሴምበር 23 ቀን 2020 ክኔሴት ተበተነ። ጁን 2021 ቤኔትና ላፒድ ሌላ ዓይነት ጥምረት ሲመሠርቱ ፕኒና እዚያው ወንበር ላይ ቀጠለች። በ2022 መጨረሻ ነታንያሁ ሲመለስ ግን በቃለ መሐላው ቀን ከሚኒስትሮቹ መካከል ከእኛ ማንም አልነበረም። ሁለት በጣም የተለያዩ መንግሥታት ያን አንድ ወንበር ሰጡን፤ ሦስተኛው ያንንም አልሰጠም። እንዲህ ያለው ነገር ስጦታ እንጂ ድርሻ አይባልም።

ታዲያ ምን እናድርግ? በሚቀጥለው ጊዜ "ሚኒስትር አለን ወይ?" ብቻ አንበል። የትኛው ሚስራድ? በስንት በጀት? በጥምረት ስምምነቱ ላይ ስለ ሚሽታራ፣ ስለ ቤት፣ ስለ ትምህርት ምን ተጻፈ? ስምምነቱ ለሕዝብ ይወጣል፤ ረጅምና አሰልቺ ዕብራይስጥ ነው። ወላጆቻችን ያን ወረቀት ማንበብ ከብዷቸው በእልልታ ቢቀበሉት አይፈረድባቸውም። እኛ ግን ማንበብ እንችላለን። ወንድሜ ዘንድሮ 18 ሞላው፤ ጥያቄው ግን አልተለወጠም።