ታማኝነቱ የማን ነው?

ባለፈው ነሐሴ አንድ ማታ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ሦስት ነገር እኩል ለማድረግ እየሞከርኩ ነበር። ውጭ አገር ላለ ደንበኛ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት መድረስ ያለበትን ኮድ መጨረስ፣ ከላፕቶፔ አንድ ክንድ ርቆ ለሚንጠባጠበው ውሃ ባልዲ መደቀን፣ መቻልን ደግሞ ከግቢ ተሸክሞ ማስገባት።

መቻል ውሻችን ነው። 13 ዓመቱ ነው። ስሙን ያወጣለት አባቴ ሲሆን፣ እንደ ድሮ ሰው ልማድ በውሻ ስም ለጎረቤት መልእክት ማስተላለፉ ነበር። አሁን ስሙ ለራሱ ለውሻው ሆኗል። ሁለቱም ዓይኖቹ ላይ ሞራ ወጥቷል። የኋላ እግሮቹ የበረንዳዋን ሦስት ደረጃ እንኳ አይወጡለትም። ሲጮህም የሚጮኸው ሌባ ላይ ሳይሆን አባቴ ላይ ነው፤ አላየውማ።

«ውሻ ቤት ውስጥ?» አለች እማዬ። እኛ ቤት የውሻ ቦታ ግቢ ነው። ኮሪደሩ ላይ ጆንያ ሳነጥፍለት እሱም ራሱ ቤተ ክርስቲያን እንደገባች ውሻ አንገቱን ሰብሮ፣ አሁን ያባርሩኛል እያለ ተኛ። ኮዱን ላክሁ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ለወራት ላፕቶፔ ውስጥ የተቀመጠውን «ኡምቤርቶ ዲ»ን ከፈትኩት። ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣው የጣልያን ፊልም ነው። ስለ አንድ ሽማግሌና ስለ ውሻው መሆኑን ስለማውቅ፣ ደግሞ ሌላ አስለቃሽ የውሻ ፊልም መጣ ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

የውሻ ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚነግሩን አንድ ነገር ነው። ሰውየው ይሄዳል፣ ውሻው ይጠብቃል፣ እኛ እናለቅሳለን። «ኦዲሲ» 17ኛው መጽሐፍ ላይ ኦዲሴዎስ ከ20 ዓመት በኋላ ለማኝ መስሎ ደጁ ሲደርስ፣ ያሳደገው ውሻ አርጎስ መዥገር ወሮት የፍግ ክምር ላይ ተኝቷል። ጌታውን ያውቀዋል፤ ጅራቱን ይቆላል፤ ተነሥቶ ለመቅረብ ግን አቅም የለውም። ኦዲሴዎስ እንዳይነቃበት እንባውን በስውር ጠርጎ ያልፋል፣ አርጎስም ይሞታል። ሁላችንም የምናስታውሰው ጅራቱን ነው። እኔን አሁን የሚይዘኝ ግን ፍጉ ነው። ሆሜር ፍጉ ወደ ማሳ የሚወስደው ሰው አጥቶ እንደተከመረ፣ የቤቱ አገልጋዮችም ጌታው የለም ብለው ውሻውን ችላ እንዳሉት ይነግረናል። ያ ቤት የሚጠግነው ማጣቱን የምናየው በውሻው ገላ ላይ ነው። ግጥሙ ግን እዚያ ብዙ አይቆይም፤ ጀግናው ቸኩሏል።

ሃቺኮም እንደዚያው ነው። ጌታው ፕሮፌሰር ኡዌኖ በ1925 ከሞቱ በኋላ ሃቺኮ በ1935 እስኪሞት ድረስ ቶኪዮ ሺቡያ ባቡር ጣቢያ እየሄደ ጠበቃቸው። ሐውልቱ የቆመለት ገና በሕይወት እያለ፣ በ1934 ነው። ሪቻርድ ጊር የሚተውንበትን የ2009 ፊልም አይቶ ያላለቀሰ ጓደኛ የለኝም፤ እኔም አልቅሻለሁ። ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ውሻ አሥር ዓመት ሳይበላ አይጠብቅም። ማን አበላው? በእነዚያ ዓመታት ሃቺኮን ይንከባከበው ከነበሩት አንዱ የፕሮፌሰሩ የቀድሞ አትክልተኛ ነበር። ሐውልቱ ግን ለጠባቂው እንጂ ለአብሊው አይደለም።

እኛስ? እንኳን ሐውልት፣ ደግ ቃልም አልቸርነውም። «ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» ስንል ደሙን የሚጠይቅለት የሌለው ማለታችን ነው። «ውሻ በበላበት ይጮሃል» ስንልም አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ለሆዱ ያደረ ሰው ለመሸንቆጥ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለው ነው። ቀዳጁ ውሻ ነው፣ ገቢው ጅብ ነው። አጥሩን ሳይጠግን የተኛው ሰውዬ ተረቱ ውስጥ የለም።

«ኡምቤርቶ ዲ» ግን ስለዚያ ሰውዬ ነው። ኡምቤርቶ ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ጡረታው ለኪራይ አልበቃ ብሎታል። ፊልሙ የሚጀምረው ጡረታ ይጨመርልን ብለው ሰልፍ በወጡ ሽማግሌዎች ነው። ወዲያው ደግሞ ኡምቤርቶ ከሳህኑ ቀንሶ በጠረጴዛ ሥር ፍላይክን ሲያጎርሰው እናያለን። ሰዓቱን ይሸጣል። የምግብ ወጪ ለመቆጠብ ሲል ሆስፒታል ይተኛል። ፍላይክ ሲጠፋ፣ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ወደሚገደሉበት ግቢ ይሮጣል፤ እዚያም ሌላ ሰው ውሻውን ለማስመለስ ገንዘብ አጥሮት ሲያመነታ እናያለን። ዴ ሲካ እወደዋለሁ የሚል ሰው አያሳየንም። የሚያሳየን ስንት ያስወጣል ብሎ የሚያሰላ፣ ከዚያም የሚከፍል ወይም የማይችል ሰው ነው።

ከሆስፒታል ሲመለስ የክፍሉ የግድግዳ ወረቀት ተቀዳዶ፣ ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ ያገኘዋል። አከራይቱ ቤቷን እያሳደሰች ነው። «ቤቱን ላድሰው ስለሆነ…» የሚለውን የአከራይ ቃል ሰምቶ የሚያውቅ የአዲስ አበባ ተከራይ ያንን ቀዳዳ ለማንበብ ሃያሲ አያስፈልገውም። እኔ እድሳትን ሁልጊዜ ደግ ሥራ አድርጌ ነበር የማስበው። ለካ ሰው ለማኖር የሚደረግ ጥገና አለ፣ ሰው ለማስወጣት የሚደረግም አለ። መዶሻው ግን አንድ ነው።

ከዚያ ፊልሙን ያቆምኩበት ቦታ መጣ። ኡምቤርቶ ሊሞት ወስኗል፤ ለፍላይክ አሳዳሪ ይፈልግለታል፣ አያገኝም። በመጨረሻ ውሻው ከልጆች ጋር ሲጫወት ጥሎት ይሄድና ድልድይ ሥር ይደበቃል። ፍላይክ ግን ፈልጎ ፈልጎ ያገኘዋል።

ያቆምኩት ስላለቀስኩ አይደለም፤ ስላፈርኩ ነው። ከዚያ ማታ ሁለት ሳምንት በፊት፣ መቻልን በፒካፕ ከከተማ ውጭ ወስዶ የሚጥልልኝ ሰው አግኝቼ፣ ዋጋ ተስማምቼ ነበር። ክፍያ ዘግይቶብኛል፤ ጣሪያው ያፈስሳል፤ መብራት ይሄዳል። በሰዓት የማስከፍል ሰው ነኝና ውሻውንም በሰዓት አሰላሁት። ምግቡን ማላም፣ ቁስሉን ማጠብ፣ ሌሊት ሁለት ጊዜ ማስወጣት፤ በቀን ሰዓት ተኩል። በወር ሲባዛ ከአንድ ትንሽ ፕሮጀክት ይበልጣል። ሒሳቡ ትክክል ነበር። ሰውየው በቀጠሮው ቀን ክላቹ ተበላሽቶበት ቀረ። መቻልን ያተረፈው ሕሊናዬ አልነበረም፤ የመኪና ክላች ነው።

ኮሪደሩ ላይ ሲያንኮራፋ እየሰማሁ ፊልሙን ቀጠልኩ። ባቡር ይመጣል። ኡምቤርቶ ፍላይክን አቅፎ ሐዲዱ ዳር ይቆማል። ውሻው ደንግጦ ይወራጭና ከእቅፉ ሾልኮ ያመልጣል። ከዚያ በኋላ ሲጠራው አይመጣም፤ ይሸሸዋል። እስከ ዛሬ የሰማናቸው የውሻ ታሪኮች ሁሉ እዚህ ላይ ይገለበጣሉ። እምነት ያጎደለው ሰውየው ነው፤ ስለዚህ የሚለምነውም እሱ ነው። አንዲት የጥድ ፍሬ አንሥቶ፣ እንደ ልጅ እየዘለለ፣ ውሻውን ወደ ጨዋታ ሲያባብለው ፊልሙ ያልቃል። የኪራዩ ዕዳ አልተከፈለም። ማደሪያ የለም። የተጠገነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ለዛሬ ብቻ።

ፊልሙ እንከን የለውም አልልም። የአሌሳንድሮ ቺኮኚኒ ሙዚቃ ምስሉ የተናገረውን ደግሞ ሊነግረን ይቸኩላል፤ ድምፁን ቀንሼ ያየኋቸው ትዕይንቶች ይበልጥ ነክተውኛል። አንዳንዱ ደግሞ ጨለምተኛ ነው ይላል። ይህኛው ክስ አዲስ አይደለም። ያኔ በጣልያን መንግሥት ውስጥ የፊልም ጉዳይ ኃላፊ የነበረው ጁሊዮ አንድሬዮቲ የአገርን ስም ውጭ ያጠፋል ብሎ ዴ ሲካን በአደባባይ ወቅሶታል። እኛ አገርም የምናውቀው ወቀሳ ነው፤ ገበናችንን ለምን ታወጣለህ ነው ነገሩ። የእኔ መልስ አጭር ነው። የተቀደደ ግድግዳ ያላየ ሰው አይጠግንም።

የሥራዬ ነገር ይሆናል እንዲህ እንዳነበው ያደረገኝ። ሶፍትዌር ሲለቀቅ ይጨበጨባል፤ ትልቁ ድካም ግን ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ትቶት የሄደውን አሮጌ ኮድ እንዳይወድቅ ይዞ ማቆየት፣ ማንም ሳያይ፣ ነገ ደግሞ እንደገና። ታማኝነት የሚባለውን ነገር ከሃቺኮ ሐውልት ይልቅ እዚያ አገኘዋለሁ። የጠበቀው ሁሉ ይመሰገናል። እያበላ፣ እያጠበ፣ ሚስማር እየመታ ያቆየው ግን ታሪክ ሆኖ አይተረክም፤ በየቀኑ አንድ ዓይነት ስለሆነ። «ኡምቤርቶ ዲ» ይህን አሰልቺ ነገር ደፍሮ የተረከ ፊልም ስለሆነ ነው እዩት የምላችሁ።

መስከረም ላይ ጣሪያው ላይ ወጥቼ የዛጉትን ሚስማሮች ነቅዬ ጎማ ባላቸው ተካኋቸው። አሁንም አንድ ቦታ ያፈስሳል። ለበረንዳው ደረጃ ጣውላ ቸንክሬ፣ እንዳያንሸራትተው አሮጌ ምንጣፍ አለበስኩት። የእንስሳት ሐኪሙ የመገጣጠሚያ ሕመም ነው አለኝ፤ የሰው ማስታገሻ እንዳልሰጠውም አስጠነቀቀኝ፣ ኢቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ስለሚጎዳ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ጆንያ ደግሞ አንድ ጠዋት ሳየው በእማዬ አሮጌ ጋቢ ተተክቷል። ማን ቀየረው ብዬ አልጠየቅሁም።

ባለፈው ሳምንት ያ ባለ ፒካፕ ደወለ። «መኪናዋ ተሠርታለች፤ ልምጣ?» አለኝ። መቻል በጣውላው ላይ ቀስ እያለ እየወጣ ነበር፤ በመሀል ቆሞ አረፈ።

«ኧረ ተወው» አልኩት።